ባሌስትራ ሲጨመር ፍሬኑ ምን ያነባል? የሞላ ለውጥና የፍሬን ሚዛን በመካነ ሰላምና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋማ መንገዶች

መግቢያ

የተሽከርካሪን ሞላ ለውጦ መኪናውን ዝቅ ወይም ከፍ ማድረግ በብዙ አገሮች በጋራዥም ሆነ በመኖሪያ ቤት ደጅ የሚከናወን ሥራ ነው። በጃፓን፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ከፋብሪካው ያጠረና የጠነከረ ሞላ ገዝተው በራሳቸው እጅ የሚገጥሙ ባለመኪኖች ጥቂት አይደሉም፤ ዓላማቸውም መኪናው ወደ መሬት ቀርቦ በኩርባ ላይ ማዘንበሉ እንዲቀንስና መልኩ እንዲያምር ነው። ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም፣ ከመካነ ሰላምም ወደ ወግዲና ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚዘልቁት መንገዶች ላይ የሚደረገው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በሚኒባሱና በፒክአፑ ኋላ ባሌስትራ ይጨመራል፤ በቤት መኪናው ሞላ ሥር ስፔሰር ይገባል፤ የሃይኤሱ የፊት ቶርሽን ባር በቁልፍ ይጠበቃል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ድንጋዩ ከፍ ያለ ነው፣ ጭነቱም ብዙ ነው።

ስለዚህ ልማድ ሲነገር በአብዛኛው የሚነሣው ምቾት ነው፤ መኪናው «ደረቀ» ወይም «አንገጫገጨ» ይባላል። አንዳንዴም የመገልበጥ ሥጋት ይነሣል። የዚህ አጭር ጽሑፍ መከራከሪያ ዋናው ጉዳት ከሁለቱም ሌላ ቦታ፣ ማለትም በፍሬን ኃይል ክፍፍል ላይ እንደሚደርስ ማሳየት ነው። ጽሑፉ የመስክ ልኬት ውጤት አይደለም፤ በታወቁ የመካኒክስ ሕጎችና ለማሳያ በተመረጡ ቁጥሮች ላይ የተመሠረተ ስሌት ነው። ቁጥሮቹ የአንድን የተወሰነ ተሽከርካሪ ልክ አይወክሉም፤ በውጤቱ ውስጥ የሚገኙት ምጥጥኖች ግን ለሁሉም ይሠራሉ።

ዝቅ ማድረግ ስለሚጠይቀው ዋጋ

የመጨመሩን ነገር ለመረዳት ከመቀነሱ መነሣት ይጠቅማል። አንድ ሞላ የተሽከርካሪውን ክብደት ከተሸከመ በኋላ ወደ ላይ ለመታጠፍ የሚቀረው ርቀት የተወሰነ ነው። ይህ ርቀት 60 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። መኪናውን በ30 ሚሊ ሜትር ዝቅ ያደረገ ሰው ከዚህ ርቀት ግማሹን ወስዷል። ሞላው ከጉድጓድ የሚመጣበትን ግጭት የሚውጠው በተጨመቀበት ርቀት ካሬ ልክ ስለሆነ፣ ያንኑ ግጭት በግማሽ ርቀት ለመዋጥ ሞላው አራት እጥፍ መጠንከር ይኖርበታል። ለዝቅታ ተብለው የሚሸጡት ሞላዎች ግን ከፋብሪካው የሚጠነክሩት በእጥፍ እንኳ አይደለም። ስለዚህ ዝቅ ያለ መኪና በለስላሳ አስፋልት ላይ መልካም ይነዳል፤ ጠጠር ላይ ሲወጣ ግን ሞላው አልቆ ብረት ከማቆሚያ ጎማው ጋር ይጋጫል። ይህ የጥራት ጉድለት አይደለም፤ ስሌቱ ራሱ የሚያስከትለው ነው።

ሌላም ብዙ ጊዜ የማይጠቀስ ነገር አለ። በቪትዝና በኮሮላ የፊት እግር ላይ ባለው የማክፈርሰን አሠራር፣ መኪናው ሲወርድ የታችኛው ክንድ ከአግድም አልፎ ወደ ላይ ያዘነብላል። በዚህ ጊዜ መኪናው የሚያዘነብልበት ምናባዊ ማዕከል ከክብደቱ ማዕከል ይልቅ ፈጥኖ ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ስለሚሰፋም ማዘንበልን ለመቀነስ የተገጠመው ሞላ ከጥቅሙ ከፊሉን በዚህ ያጣል።

በአገራችን መኪና ዝቅ የሚለው ግን አብዛኛውን ጊዜ በምኞት ሳይሆን በዕድሜ ነው። ለዓመታት ትርፍ ሰውና ጭነት የተሸከመ ሞላ ቀስ በቀስ ቁመቱን ያጣል። በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ምክንያት ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ወደ አገር የሚገቡበት ዋጋ ከፍ በማለቱ አሮጌውን መኪና አቆይቶ መጠቀም ይበልጥ የተለመደ ሆኗል። ስለሆነም በሞላው ሥር ስፔሰር የሚያስገባ ባለ ቪትዝ ራሱን መኪና እንደሚያሳድግ ቢቆጥርም፣ ብዙ ጊዜ የሚያደርገው የጠፋውን ቁመት መመለስ ነው። ስፔሰር የደከመውን ሞላ አያጠነክርም፤ ከፍታውን ብቻ ይለውጣል። ልዩነቱ ጥቃቅን ይመስላል፤ ከዚህ በታች ለሚነገረው ነገር ግን መሠረታዊ ነው፤ ከፍታና ጥንካሬ ሁለት የተለያዩ ለውጦች ናቸውና።

የሃይኤሱ ቶርሽን ባርም እንዲሁ ነው። ማስተካከያው ብሎን ሲጠበቅ የፊቱ ከፍ ስለሚል ዘንጉ «ጠነከረ» ይባላል። ዘንጉ ግን ያው ዘንግ ነው፤ የተለወጠው የመነሻ ቦታው ብቻ ነው። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ወደ ታች የሚወርድበት ርቀት ያጥራል፣ የመሪው አሰላለፍም ይዛባል።

ባሌስትራው

ባሌስትራ የሚለው ቃል እንደ ሞላ፣ ፍሬንና ካምቢዮ ሁሉ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ በጣልያንኛ ቀስተ ደጋንን ያመለክታል። ስያሜው ለመካኒኩም ለተማሪውም ይጠቅማል፤ ባሌስትራ የሚሠራው እንደ ደጋን በመታጠፍ ነውና።

ተመሳሳይ ውፍረት፣ ስፋትና ርዝመት ያላቸው ንጣፎች ሲደረደሩ የባሌስትራው ጥንካሬ ከንጣፎቹ ቁጥር ጋር እኩል ያድጋል። አራት በነበረው ላይ አምስተኛ መጨመር ጥንካሬውን በ25 በመቶ ከፍ ያደርጋል። በተግባር ግን የሚጨመረው ንጣፍ ተመሳሳይ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከተበተነ የጭነት መኪና ነው፤ ተቆርጦ፣ በመሐሉ ተበስቶ በዩ ቅርጽ ብሎን ይታሰራል። የንጣፍ ጥንካሬ ደግሞ በውፍረቱ ኩብ ልክ ያድጋል። እያንዳንዳቸው 7 ሚሊ ሜትር በሆኑ አራት ንጣፎች ላይ አንድ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ንጣፍ ቢታከል፣ በዓይን እምብዛም የማይለየው የ1 ሚሊ ሜትር ልዩነት ጭማሪውን ከ25 በመቶ ወደ 37 በመቶ ያደርሰዋል። ይህ ቁጥር በቀጣዩ ስሌት ውስጥ ያገለግላል።

አንድ ማሳሰቢያ እዚህ ላይ ይገባል። የባሌስትራ ብረት በፋብሪካ በእሳት ግሎ በዘይት ቀዝቅዞ ዳግመኛ በልኩ የሞቀ ብረት ነው። የተረፈውን ባሌስትራ ቀጥቅጠው ማረሻና መጥረቢያ የሚያወጡ አንጥረኞች ይህን ብረት የሚወዱትም በዚህ ጠባዩ ነው። ቅስቱን ለመጨመር ሲባል በጋዝ ነበልባል እስኪቀላ ድረስ የጋለ ንጣፍ ግን ይህን ጠባይ ያጣል። ለጊዜው ቀና ብሎ ይቆማል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመልሶ ይተኛል፣ ወይም ከጋለበት ቦታ ይሰነጠቃል። ሞላን በእሳት ቆርጦ ማሳጠርም ከዚሁ የሚመደብ ስሕተት ነው።

ጭነት አንባቢው ቫልቭ

ፍሬን ሲያዝ የተሽከርካሪው ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፤ የኋላው ይቀላል። ባዶ ሚኒባስ ላይ የኋላው ጎማ ከፊቱ እኩል ግፊት ቢደርሰው ይቆለፋል፤ የተቆለፈ የኋላ ጎማም መኪናውን ያሽከረክረዋል። ሙሉ ጭነት ሲኖር ግን የኋላው ጎማ ብዙ ግፊት መሸከም ይችላል፣ መሸከምም አለበት። ይህን ልዩነት ለማስታረቅ፣ ኤሌክትሮኒክ የፍሬን ማከፋፈያ በሌላቸው ብዙ የሃይኤስና የሃይሉክስ ዓይነቶች ላይ ከሻንሲው ጋር የታሰረ ቫልቭ ይገኛል። ከቫልቩ የሚወጣ ክንድ ወይም ቀጭን ሞላ ከኋላው አክስል ጋር ይያያዛል። መኪናው ሲጫን ሻንሲው ወደ አክስሉ ይቀርባል፤ ክንዱ ይዞራል፤ ቫልቩም ወደ ኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት ይጨምራል። ቀላል፣ ርካሽና ብልህ አሠራር ነው። አንድ ነገር ግን አምኖ ይነሣል፤ ባሌስትራው ፋብሪካው እንደሠራው መሆኑን። ቫልቩ ክብደትን አያውቅም። የሚያውቀው በሻንሲውና በአክስሉ መካከል ያለውን ርቀት ብቻ ነው።

ለማሳያ ያህል፣ በኋላ ባሌስትራዎች ላይ የሚያርፈው ክብደት ባዶ ሲሆን 700፣ ሙሉ ሲሆን 1500 ኪሎ ግራም የሆነ ተሽከርካሪ እንውሰድ። የሁለቱ ባሌስትራዎች ድምር ጥንካሬ በአንድ ሚሊ ሜትር 90 ኒውተን ይሁን። ከባዶ ወደ ሙሉ ሲጫን የኋላው 87 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። አሁን ከላይ የተጠቀሰውን ንጣፍ ጨምረን ጥንካሬውን በ37 በመቶ ከፍ እናድርግ። በሙሉ ጭነት ጊዜ ባሌስትራው የሚታጠፈው ቀድሞ 1095 ኪሎ ግራም ብቻ ቢጫንበት ይታጠፍ በነበረበት ልክ ይሆናል። ቫልቩም የሚያነበው ይህንኑ ነው፤ በአክስሉ ላይ 1500 ኪሎ ግራም አለ፣ ቫልቩ ግን 1095 ይላል። ከጭነቱ ውስጥ 400 ኪሎ ግራም ያህሉ ለፍሬኑ የማይታይ ሆኗል። ይህ የተጨመረው ንጣፍ ቅስቱ ከነባሩ ጋር እኩል ነው ብለን ስንወስድ ነው። ንጣፉ የበለጠ ከጎበጠና የኋላውን ተጨማሪ ከፍ ካደረገ የማይታየው ጭነት ከዚህም ይበልጣል።

ውጤቱ ምንድን ነው? የኋላው ፍሬን መሥራት የሚችለውን ሥራ አይሠራም። ሾፌሩ ያንኑ ያህል ለመቀነስ ፔዳሉን አጥብቆ ይረግጣል፤ ተጨማሪው ሥራ በሙሉ ወደ ፊት ፍሬን ይሄዳል። በሜዳ ላይ ይህ አይታወቅም፤ የፊት ሸራ ቶሎ ማለቁ ብቻ ይታያል፣ ጥፋቱም በሸራው ጥራት ይላከካል። ቁልቁለት ላይ ግን ሌላ ነገር ይሆናል።

አክስሉና ሻንሲው እንዲቀራረቡ ተደርጎ ዝቅ በተደረገ ፒክአፕ ላይ የሚደርሰው ስሕተት የዚህ ግልባጭ ነው። ቫልቩ ባዶውን መኪና እንደተጫነ ያነበዋል፤ የኋላው ጎማ በእርጥብ መንገድ ላይ ሳይታሰብ ይቆለፋል። ዝቅ ያደረገውም ከፍ ያደረገውም አንድን መሣሪያ አሳውረዋል ማለት ነው፤ የሚለያዩት በአደጋው ዓይነት ነው።

ቁልቁለቱ

መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት፤ ከእርስዋ በስተ ምዕራብ ዓባይ በጥልቅ ሸለቆ ይፈሳል። ወደ ወንዙ የሚወርድ ተሽከርካሪ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይጓዛል። በድምሩ 2800 ኪሎ ግራም የሆነ ሚኒባስ 1000 ሜትር ሲወርድ ሊወገድ የሚገባው ኃይል 27 ሜጋጁል ያህል ነው። መውረጃው 20 ኪሎ ሜትር ቢሆን የጎማው መንከባለል ከዚህ ውስጥ 8 ሜጋጁል ያህል ይበላል። የቀረውን፣ ማለትም 19 ሜጋጁል ያህሉን፣ ሞተሩ፣ ፍሬኑና ጥቂት የአየር ግፊት ይካፈሉታል። በዝቅተኛ ማርሽ የሚወርድ ሾፌር ትልቁን ድርሻ ለሞተሩ ይሰጣል። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲል ማርሽ አውጥቶ የሚወርድ ሾፌር ግን ሁሉንም ለማለት ይቻላል በፍሬኑ ላይ ይጥላል፤ የኋላው ፍሬን በቫልቩ ከተገደበ ደግሞ አብዛኛው ሙቀት በሁለቱ የፊት ዲስኮች ላይ ያርፋል።

በደጋ ላይ የአየሩ መሳሳትም ይታከልበታል። በ2600 ሜትር ከፍታ የአየር እፍጋት በባሕር ወለል ካለው ሩብ ያህል ያነሰ ነው፤ የጋለ ዲስክ በዚህ አየር ውስጥ የሚቀዘቅዘው በዝግታ ነው። ሸራው ከልኩ በላይ ሲሞቅ የመያዝ ኃይሉን ያጣል፤ የፍሬን ዘይቱ ያረጀና እርጥበት የያዘ ከሆነም ይፈላል፤ ፔዳሉ ባዶ ይወርዳል። የአካባቢው ሾፌሮች «ፍሬን ከዳኝ» የሚሉት ይህንኑ ነው። ብዙ ጊዜ ምርመራው የሚጀመረው ከፍሬን ዘይትና ከሸራ ሲሆን፣ ከወራት በፊት የተጨመረው ባሌስትራ ግን ከጉዳዩ ጋር አይያያዝም።

የመገልበጥ ሥጋት

የክብደት ማዕከል ከፍ ማለቱ መገልበጥን ያቃርባል የሚለው ስሜት ትክክል ነው፤ መጠኑ ግን ይመዘን። የጎማዎቹ ስፋት 1.5 ሜትር፣ የክብደት ማዕከሉ ከፍታ 0.90 ሜትር ለሆነ ተሽከርካሪ ያዘነበለበት ገደብ የስበት ኃይል 83 በመቶ ነው። ባሌስትራው ማዕከሉን በ5 ሴንቲ ሜትር ቢያነሣው ገደቡ ወደ 79 በመቶ ይወርዳል። በፖርቶመጋላ ላይ የተጫነ 150 ኪሎ ግራም ስንዴ ወይም በግ ግን ብቻውን፣ ባሌስትራው ሳይነካ፣ ገደቡን ወደ 78 በመቶ ያወርደዋል። በእኔ ግምት ስለ መገልበጥ የሚጨነቅ ሰው ከባሌስትራው በፊት ጣሪያውን መመልከት ይኖርበታል።

ሥራውን በቤትና በትንሽ ጋራዥ ለሚሠሩ

መጠምጠሚያውን ሞላ ያለ መጭመቂያ መሣሪያ፣ በሽቦ ወይም በሰንሰለት አስሮ መፍታት የሚያስከትለው አደጋ በቁጥር ሊነገር ይችላል። በአንድ ሚሊ ሜትር 25 ኒውተን ጥንካሬ ያለው ሞላ በ120 ሚሊ ሜትር ተጨምቆ 180 ጁል ይይዛል፤ ይህም 18 ኪሎ ግራም ብረት ከ1 ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ከሚኖረው ኃይል ጋር እኩል ነው። መኪናውን በክሪክ ብቻ አንሥቶ ከሥሩ መግባትም እንዲሁ ነው፤ ማቆሚያ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ነጥብ ጎሚኒን ይመለከታል። የክንዱ ወይም የባሌስትራው ብሎን የመጨረሻውን ጥብቀት ማግኘት ያለበት መኪናው መሬት ላይ በጎማው ከቆመ በኋላ ነው። ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ የተጠበቀ ጎሚኒ መኪናው ሲወርድ ተጠማዝዞ ይቀራል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ባሌስትራ የተጨመረበት መኪና ሾክ አብዞርበሩ ካልተቀየረ የማርገቢያ ድርሻው በ15 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ባዶውን በጠጠር ላይ ሲሄድ የኋላው ይነጥራል፣ ጎማውም ከመሬት ይላቀቃል። የፊት መብራት አቅጣጫም ይለወጣል፤ በክረምት ጉም ውስጥ ለሚነዳ ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

የቫልቩ ጉዳይ ግን ለብቻው ይታይ። ባሌስትራ ከተጨመረ በኋላ የቫልቩን ማያያዣ በከፍታው ልዩነት ልክ ማንሣት የተለመደ መፍትሔ ነው። መፍትሔው የሚያርመው ከፍታውን ነው፤ ጥንካሬውን አይደለም። በምሳሌያችን መኪናው ባዶ ሳለ ቫልቩ በትክክል 700 እንዲያነብ ቢስተካከል፣ በሙሉ ጭነት ጊዜ ከ87 ሚሊ ሜትር ይልቅ 64 ብቻ ስለሚንቀሳቀስ 1280 ያህል ያነባል፤ አሁንም ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ይጎድላል። በሙሉ ጭነት 1500 እንዲያነብ ቢስተካከል ደግሞ ባዶውን መኪና 915 ያህል አድርጎ ያነበዋል፤ የኋላው ጎማም በዝናብ ሊቆለፍ ይችላል። በነባሩ ክንድ ሁለቱንም የሚያረካ አቀማመጥ የለም። በአንጻሩ ስፔሰር ብቻ በገባበት፣ ማለትም ጥንካሬው ባልተለወጠበት መኪና ላይ የማያያዣው ማስተካከያ ስሕተቱን ሙሉ በሙሉ ያስወግዳል። ከፍታንና ጥንካሬን መለየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

በመርሕ ደረጃ ጥንካሬው በ1.37 ሲያድግ የቫልቩ ክንድ ርዝመት በዚያው መጠን ቢያጥር፣ ለምሳሌ 200 ሚሊ ሜትር የነበረው 146 ቢሆን፣ ቫልቩ በባዶም በሙሉም ትክክለኛውን ጭነት ያነባል። ይህ በደጅ የሚሞከር ሥራ አይደለም፤ በፍሬን መለኪያ ላይ መረጋገጥ አለበት። በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ ተሽከርካሪው ባዶውን ከቀረበ ስሕተቱን ሊያሳይ አይችልም፤ የተደበቀው ስሕተት የሚወጣው በጭነት ነውና። ባሌስትራ የተጨመረበትን ሚኒባስ በአሸዋ ከረጢት ጭኖ የኋላውን የፍሬን ኃይል መለካት ግን የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በአካባቢው የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ የምህንድስና ተማሪ ያለው ተቋም ሁሉ ሊሞክረው የሚችል ሲሆን፣ መጀመሪያ መመዝገብ ያለበት ቁጥርም በባዶና በሙሉ ጭነት በሻንሲውና በኋላ አክስሉ መካከል ያለው ርቀት ነው።